ስልኩ የቤቱን ሰርቨር ይከፍታል፣ የሊኑክስ ላፕቶፑ ግን አይከፍትም (ተፈትቷል)

መነሻ ጥያቄ

ይህ የመድረክ ክር (የጥያቄና ምላሽ ውይይት) ረዝሟል፤ መሀል ላይም ከጉዳዩ እየወጣ ብዙ ቦታ ሄዷል። መልሱ ግን ውስጡ አለ፣ ጥሩ መልስም ነው። ተመሳሳይ ችግር ገጥሞት የሚመጣ ሰው ከላይ እስከ ታች ሲፈልግ እንዳይውል፣ ማን ምን እንዳለ በተራ ቁጥሩ አስቀምጬዋለሁ። የምስማማበትንና የማልስማማበትንም እግረ መንገዴን ተናግሬአለሁ።

ጠያቂው አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የሚኖረው። አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ዴቢያን 12 የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጭኖ የቤት ሰርቨር አድርጎታል። የቤተሰቡን ፎቶ በሳምባ (ፋይል ማጋሪያ ፕሮግራም) ያጋራበታል፤ የልጆቹን የትምህርት ቪዲዮ ደግሞ በጄሊፊን (ቪዲዮ ማሳያ ፕሮግራም) ያሳይበታል፤ ኢንተርኔት ቢጠፋም ልጆቹ እንዳይቋረጥባቸው፣ አንዴ የወረደው ነገርም እንደገና ዳታ እንዳይበላ ብሎ። የሰርቨሩ አድራሻ 192.168.1.50 ነው። ስልኩ ላይ ያለው የጄሊፊን አፕ ይህንን አድራሻ ከነፖርቱ (ፕሮግራሙ ከሚያዳምጥበት የበር ቁጥር)፣ ከ8096 ጋር፣ ሲሰጡት ወዲያው ይከፍታል። የባለቤቱ የዊንዶውስ ላፕቶፕም ይከፍታል። እምቢ ያለው የእሱ ላፕቶፕ ብቻ ነው፤ ኡቡንቱ 24.04፣ ሌላ የሊኑክስ ዓይነት፣ የተጫነበት። ኢንተርኔቱ ግን በዚያው ላፕቶፕ ያለ ችግር ይሠራል። ሦስቱም የተያያዙት በአንድ ዋይፋይ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የሊኑክስ መሆን አለበት ብሎ ደምድሟል፤ የጠየቀውም ሊኑክስ የቤት ኔትወርክ ላይ ለምን እንዲህ እንደሚያስቸግር ነበር።

ምላሽ 1 — ጨዋ ሰው ነው የጀመረው። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ አልሠራም የሚለው ቃል ብቻውን ለማንም ፍንጭ እንደማይሆን በለዘበ አነጋገር አስረዳና አራት ነገር ጠየቀ፦ የአይፒ አድር (የማሽኑን አድራሻዎች የሚያሳይ ትእዛዝ) ውጤት፣ የአይፒ ራውት (ማሽኑ በየት በኩል እንደሚልክ የሚያሳይ ትእዛዝ) ውጤት፣ ሰርቨሩን በስሙ ፒንግ ሲያደርግ (አለህ ወይ ብሎ ሲጠይቅ) የሚወጣው ጽሑፍ፣ በቁጥሩ ፒንግ ሲያደርግ የሚወጣው ጽሑፍ። ከተርሚናሉ (ትእዛዝ ከሚጻፍበት መስኮት) ላይ እንዳለ፣ ምንም ሳይቆረጥ እንዲለጠፍለትም አጥብቆ ለምኗል። ይህቺን ልመና ያዙልኝ።

ምላሽ 2 — አጭር ናት። ሰርቨሩ ላይ ዩኤፍደብሊው (ማን እንደሚገባ የሚቆጣጠረው ፋየርዎል) በርቶ ከሆነ እንዲያጠፋውና እንዲሞክር ትመክራለች። ነገር ባስቸገረ ቁጥር ፋየርዎል አጥፋ ማለት ልማድ ሆኗል፤ እኔ አልወደውም። አጥፍቶት የሠራለት ሰው ዳግም አያበራውም። እዚህ ላይ ደግሞ ስልኩና ዊንዶውሱ እየገቡ ስለሆነ፣ ሰርቨሩ በሩን ለሁሉም ዘግቷል ማለት አይቻልም።

ምላሽ 3 — ሊኑክስ ለሰርቨር እንጂ ለላፕቶፕ እንዳልተሠራ ተናግሮ፣ ኡቡንቱውን አጥፍቶ እንዲጭን፣ ካልሆነም ወደ ዊንዶውስ እንዲመለስ አዘዘ። ምክንያት አልሰጠም። እንዲህ ያለ መልስ ሳይ ከልቤ አዝናለሁ። አንድ ሰው ያለ አስተማሪ፣ ከሥራ በተረፈ ሰዓቱ፣ ዴቢያን ጭኖ፣ ሳምባ አዋቅሮ፣ ለልጆቹ ቪዲዮ ማሳያ አቁሞ እዚህ ከደረሰ በኋላ አፍርሰህ ጀምር ይባላል? እንደገና ቢጭን ኖሮ ላፕቶፑ ለጊዜው ሰርቨሩን ይከፍት ነበር፤ ምክንያቱ ግን ሳይታወቅ ይቀርና ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያው ችግር ተመልሶ ይመጣበት ነበር። ለምን እንደሆነ ምላሽ 16 ላይ ታገኙታላችሁ።

ምላሽ 4 — ጠያቂው ተመለሰ። በስሙ (መጨረሻው ነጥብ ሎካል ነው) ፒንግ ሲያደርግ ኔም ኦር ሰርቪስ ኖት ኖውን (ስሙ አይታወቅም) ይለዋል። በቁጥሩ ሲያደርግ ደግሞ መስመሩ ፍሮም 192.168.0.1 ብሎ ይጀምርና ዴስቲኔሽን ሆስት አንሪቸብል (መድረሻው ማሽን ጋ መድረስ አልተቻለም) ብሎ ያበቃል። የላፕቶፑ የዋይፋይ አድራሻ 192.168.31.24 ነው። ከአይፒ አድር ውጤት የለጠፈው የዋይፋዩን ክፍል ብቻ ነው፤ የቀረው ረጅምና ለጉዳዩ የማይጠቅም ስለመሰለው ቆርጦታል። የአይፒ ራውቱንም እንዲሁ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው ያስቀረው። መልሱ የነበረው እዚያ የተቆረጠው ውስጥ ነው።

ምላሽ 5 — እዚህ ላይ ጡረታ የወጡ የኔትወርክ ባለሙያ ገቡ። ከዚህ በኋላ ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የሚጠራቸው። የጻፉት ረጅም ቢሆንም በዚህ ክር ውስጥ እያንዳንዱ ጀማሪ ሊያነበው የሚገባው ይህ ነው። ተርሚናሉ የሚያወጣው የስህተት መልእክት የተለያየ የሆነው ችግሩ የተለያየ ቦታ ስለሆነ ነው ይላሉ። ኔም ኦር ሰርቪስ ኖት ኖውን ከመጣ ገና ጉዞ አልተጀመረም፤ ላፕቶፑ ስሙን ወደ ቁጥር መለወጥ አቅቶታል፣ ስለዚህ ኬብልም ሆነ ፋየርዎል መመርመር ጊዜ ማባከን ነው። ኮኔክሽን ሪፊውዝድ (ግንኙነቱ ተከልክሏል) ከመጣ ተቃራኒው ነው፤ ፓኬቱ (የላክነው የዳታ ጥቅል) ደርሷል፣ ማሽኑም መልሷል፣ ግን በዚያ ፖርት የሚያዳምጥ ፕሮግራም የለም። ታይም አውት ከሆነ የላክነው ነገር ያለ መልስ ቀርቷል፤ ብዙ ጊዜ ፓኬቱን ሳይመልስ የሚጥል ፋየርዎል አለ፣ አለዚያም ማሽኑ ጠፍቷል። ዴስቲኔሽን ሆስት አንሪቸብል ሲመጣ ግን ከፍሮም ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ማየት ያስፈልጋል፤ መድረስ አልተቻለም ብሎ የሚነግረን ማን እንደሆነ የሚገልጸው እሱ ነው። ቁጥሩ የራሳችን ማሽን ከሆነ፣ ማሽናችን በኤአርፒ ይህ አድራሻ የማነው ብሎ በኔትወርኩ ላይ ጠይቆ መላሽ አጥቷል ማለት ነው። እናም ጋሼ አንድ ጥያቄ ትተው ሄዱ፦ ላፕቶፑ 192.168.31 ላይ፣ ሰርቨሩ 192.168.1 ላይ ከሆነ፣ ይህ 192.168.0.1 የሚባለው ማነው?

ይህችን ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ማንም አላነሳትም። አብዛኛው አንባቢ 192.168.0.1 ሲያይ የብዙ ራውተሮች ነባሪ አድራሻ ስለሆነ ራውተሩ ነው ብሎ ያለፈው ይመስለኛል።

ምላሽ 6 — የጋሼን ነገር በአክብሮት አረመ። ጋሼ ካነሱት ጋር የሚመሳሰለው ኖ ራውት ቱ ሆስት (ወደ ማሽኑ መንገድ የለም) የሚለው መልእክት ሁልጊዜ የመንገድ ችግር ላይሆን እንደሚችል፣ እንደ ፌዶራ ባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ያለው ፋየርዎል፣ ፋየርዎልዲ፣ የማይፈቅደውን ፓኬት ዝም ብሎ ከመጣል ይልቅ በአይሲኤምፒ (የኔትወርክ ማሳወቂያ መልእክት) ስለሚመልሰው ደዋዩ ማሽን ላይ ያው ጽሑፍ ሊወጣ እንደሚችል አስታወሰ። ትክክል ነው። ጋሼም ቆይተው አመስግነውታል።

ምላሽ 7 — ከባሕር ዳር የጻፈ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የእሱም ሰርቨር ተሰውሮበት እንደነበር ተረከ። ሞደሙ ሲነሳ ለማን የትኛውን አድራሻ ሰጥቶ እንደነበር ረስቶታል፤ ከሰርቨሩ ቀድሞ የተነሳው ስልክ የሰርቨሩን አድራሻ ወሰደበት። የሰርቨሩ ዴስክቶፕ ለመነሳት ደቂቃዎች ይፈጅበታል፣ ስልክ ግን መቼም አይጠፋም። መፍትሔው ሞደሙ ውስጥ ገብቶ የሰርቨሩን ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱን መለያ ቁጥር) ከአንድ ቋሚ አይፒ ጋር ማሰር ነው፤ ሰርቨሩ ላይ በእጅ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ዲኤችሲፒው (የሞደሙ አድራሻ አዳይ) ከሚያድለው ክልል ውጪ ያለ ቁጥር ይምረጥ ይላል። ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረም፣ ስልኩ በዚያው ቁጥር እየገባ ነውና፤ ግን መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ሰርቨር ያለው ሁሉ ሊያደርገው የሚገባ ነገር ነው።

ምላሽ 8 እና 9 — ወሬው ወደ ባትሪ ዞረ። አንዱ ለዴስክቶፑ የገዛውን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) አወደሰ፣ ሌላው ባትሪው በአንድ ክረምት እንደሞተበት ተናገረ። የሚጠቅመው፣ ብዙዎቹ ሞደሞችና ራውተሮች በ12 ቮልት ስለሚሠሩ ለእነሱ ብቻ የሚሆን አነስተኛ ዩፒኤስ መግዛት ይቻላል የሚለው ነው።

ምላሽ 10 — ወደ ጉዳዩ መለሰን። ይህ ሰው የያዘው የስሙን ችግር ነው። በነጥብ ሎካል የሚያልቅ ስም የሚፈታው በተራው ዲኤንኤስ (የኢንተርኔት ስሞችን ወደ ቁጥር በሚለውጠው አሠራር) ሳይሆን በኤምዲኤንኤስ ነው፤ አሠራሩ ደረጃ ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ላፕቶፑ ወደ 224.0.0.251፣ በፖርት 5353፣ ይህ ስም የማነው ብሎ በኔትወርኩ ላሉት ሁሉ ይጠይቃል፤ ባለስሙ ራሱ ይመልሳል። ሊኑክስ ላይ ይህንን የሚሠራው አቫሂ ነው። ከኡቡንቱ ዴስክቶፕ ጋር አብሮ ይጫናል፤ ዴስክቶፕ የሌለው ዴቢያን ላይ ግን ብዙ ጊዜ ራስህ መጫን አለብህ። ኢቲሲ በሚባለው የማዋቀሪያ ፎልደር ውስጥ ያለው የኤንኤስኤስዊች ፋይል ላይ ሆስትስ በሚለው መስመር ኤምዲኤንኤስ መኖሩን እንዲያይም ነገረው። ከሁሉም በላይ ግን ይህ ጥሪ ራውተር አያልፍም። ላፕቶፑ 192.168.31 ላይ፣ ሰርቨሩ 192.168.1 ላይ ናቸው፤ መሀላቸው ራውተር አለ ማለት ነው። ሁለት ራውተር አለህ ወይ ሲል ጠየቀ። ጥሩ ዓይን ነው ያለው።

ምላሽ 11 — ጠያቂው አዎ አለ። የአገልግሎት ሰጪው ሞደም ሳሎን ነው ያለው፣ ሰርቨሩም እዚያው በኬብል ተሰክቷል። መኝታ ቤት ግን ግድግዳው ኮንክሪት ስለሆነ ዋይፋዩ አልደርስ ስላለ፣ ሁለተኛ ራውተር ገዝቶ ከሞደሙ በኬብል ስቧል። ላፕቶፑም፣ ስልኩም፣ የባለቤቱ ማሽንም የያዙት የመኝታ ቤቱን ዋይፋይ ነው። ጋሼን አንቱ እያለ አመስግኖ፣ ስለ 192.168.0.1 ሲመልስ የሁለተኛው ራውተር አድራሻ 192.168.31.1 እንደሆነና 0.1 የሚባል መሣሪያ ቤቱ ውስጥ እንደሌለ ነገራቸው።

ምላሽ 12 — ከዚህ በኋላ ድምፁ ከረረ። ይህ ሰው በኔትወርክ ተከላ ሥራ እንደሚተዳደር ተናግሮ፣ ራውተር ከራውተር ኋላ መሰካት ያልተማረ ሰው ሥራ እንደሆነ፣ ችግሩም ከዚህ ውጪ ሌላ እንዳልሆነ፣ ሁለተኛው ወደ አክሰስ ፖይንት (የራሱን ኔትወርክ ሳይፈጥር ዋይፋይ ብቻ ወደሚያሰራጭ መሣሪያ) ካልተለወጠ ማንም ጊዜውን እንዳያባክን አስጠነቀቀ። ሁለት ራውተር በአንድ ቤት ብዙ ጣጣ ያመጣል፤ በዚህ እስማማለሁ። የተናገረበት መንገድ ግን ሰውን የሚያሸማቅቅ ነው። ኮንክሪት ግድግዳ ያለበት ቤት የሚኖር ሁሉ ያደረገውን ነው ያደረገው።

ምላሽ 13 — እሷ ደግሞ ሶፍትዌር ሠሪ ናት፤ ለ12 ቁጥሩ በዚያው ልክ መለሰችለት። ከውስጠኛው ራውተር ወደ ውጪኛው ኔትወርክ መውጣት ኢንተርኔት ከመውጣት እንደማይለይ፣ ሁለተኛው ራውተር የሁሉንም አድራሻ በራሱ ቀይሮ እንደሚያሳልፍ፣ ስልኩና ዊንዶውሱ የሚገቡትም በዚህ መንገድ እንደሆነ አስረዳች። ከዚያም ማንም ያላለውን ጨመረች፤ ሦስቱም መሣሪያዎች ሰርቨሩ ጋ ሲደርሱ አንድ አድራሻ፣ የሁለተኛውን ራውተር አድራሻ፣ ነው የሚይዙት። ሰርቨሩ ስልክ ይምጣ ላፕቶፕ መለየት አይችልም። ስለዚህ ሰርቨሩም፣ ፋየርዎሉም፣ ሁለቱ ራውተሮችም ነጻ ናቸው፤ ጉዱ ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ምላሽ 2ንም ምላሽ 12ንም በአንድ አንቀጽ ዘጋቻቸው። ጠያቂው አይፒ ራውት ጌት ብሎ 192.168.1.50ን አስከትሎ እንዲጽፍና የሚወጣውን መስመር ሙሉውን እንዲለጥፍ ጠየቀችው። ይህ ትእዛዝ ምንም ሳይልክ ከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) ራሱን ነው የሚጠይቀው፦ ወደዚህ አድራሻ ልላክ ብል በየት ታወጣኛለህ?

ምላሽ 14 — ጠያቂው እስኪመለስ ከፍራንክፈርት አንዱ የራሱን አነሳ። እሱ ቪፒኤን (ግንኙነቱን በተመሰጠረ ዋሻ በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ) ሲያበራ የቤቱ ማተሚያ ይጠፋበት ነበር፤ ብዙ የቪፒኤን አፖች መስመሩ ሲቋረጥ ምንም እንዳይወጣ የሚዘጋ ቁልፍ አላቸው፣ የቤት ኔትወርክን ፍቀድ የሚል ምርጫ ካልተነካ እሱንም አብረው ይዘጋሉ። ዋየርጋርድ በተባለው ቪፒኤን ላይ ሁሉንም ነገር በዋሻው አሳልፍ ተብሎ ሲዋቀር ደግሞ የዋየርጋርድ ማስነሻ መሣሪያ፣ ደብሊውጂ ኩዊክ፣ ማሽኑ ራሱ ያለበትን ሰብኔት (የኔትወርኩን የአድራሻ ክልል) ሳይነካ ይተዋል፤ ከራውተር ኋላ ያለ ሌላ ሰብኔት ግን ወደ ዋሻው ይገባል። ጠያቂው ቪፒኤን ባይኖረውም፣ ይህ ሰው ከመልሱ አንድ እርምጃ ነው የቀረው፤ የጠቆመው ትክክለኛውን ቦታ፣ የላፕቶፑን የመንገድ ሰንጠረዥ ነው።

ምላሽ 15 — ጠያቂው መስመሩን ለጠፈ። 192.168.1.50 የሚወጣው በዋይፋዩ አይደለም። ዴቭ ከሚለው ቃል ቀጥሎ ቢአር ብሎ የሚጀምር፣ ከሰረዙ በኋላ አሥራ ሁለት የተቀላቀሉ ፊደልና ቁጥሮች ያሉት ስም አለ፤ ምንጭ አድራሻው ደግሞ 192.168.0.1 ነው። ጋሼ ማነው ብለው የጠየቁት ተገኘ፤ ላፕቶፑ ራሱ ነበር።

ምላሽ 16 — ያቺው የ13 ቁጥሯ ጸሐፊ ናት፤ ስሙን እንዳየች ዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል ለየብቻ ክፍል የሚያስኬድ መሣሪያ) እንደሆነ ገባት። ጠያቂው ዶከር እየተማረ እንደሆነ፣ ለየትምህርቱ አንድ ፎልደር ከፍቶ በኮምፖዝ (በዶከር ማስነሻ መሣሪያ) እንደሚያስነሳ ካረጋገጠላት በኋላ ነገሩን አንድ በአንድ አወጣችው። ኮምፖዝ ሌላ ካልተነገረው ለእያንዳንዱ ፎልደር የራሱን ኔትወርክ ይፈጥራል። ዶከር ለእነዚህ አድራሻ የሚሰጠው ከነባሪ ክምችቱ ነው፤ መጀመሪያ ከ172.17 እስከ 172.31 ያሉትን ያድላል፣ እነዚህ አሥራ አምስት ናቸው። እነሱ ሲያልቁ ወደ 192.168 ይሻገርና በ/20 እየከፈለ መስጠት ይጀምራል። የመጀመሪያው ቁራጭ 192.168.0.0/20 ነው፤ ከ192.168.0.0 እስከ 192.168.15.255 ያለውን 4096 አድራሻ በሙሉ ይይዛል። 192.168.1.50 ደግሞ እዚያ መሀል ነው ያለው።

ቀጥሎ የጻፈችውን እኔ ብዙ ቦታ ተብራርቶ አላየሁትም። ዶከር አዲስ ኔትወርክ ሲፈጥር የማሽኑን የመንገድ ሰንጠረዥ አይቶ በሥራ ላይ ካለ ሰብኔት ጋር እንዳይጋጭ ይጠነቀቃል። የላፕቶፑ ሰንጠረዥ ላይ ያለው ግን 192.168.31 ብቻ ነው። 192.168.1 ከሁለተኛው ራውተር ወዲያ ስላለ ላፕቶፑ በስሙ አያውቀውም፤ ሌላው ሁሉ ወደ ራውተሩ ይሂድ በሚለው ጠቅላላ መንገድ ውስጥ ተሸፍኗል። ዶከርም ባዶ ቦታ መስሎት ወሰደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሰርቨሩ የሚላከው ሁሉ ላፕቶፑ ውስጥ ባለው የዶከር ኔትወርክ ድልድይ ገብቶ፣ መላሽ አጥቶ ይቀራል። ኢንተርኔቱ የማይነካውም፣ ስልኩና ዊንዶውሱ የማይነኩትም ለዚህ ነው። ሊኑክስ የተነገረውን መንገድ ነው የተከተለው።

ምላሽ 17 — አንዱ በጥድፊያ የዶከር ሲስተም ፕሩንን ከነአማራጮቹ ጽፎ አስኪደው አለ። ጥቅም ላይ የሌለውን ሁሉ ጥርግ አድርጎ የሚያጠፋ ትእዛዝ ነው።

ምላሽ 18 — ጋሼ ተቆጡ። የቆሙ ኮንቴይነሮችንና ምስሎችን (ኮንቴይነር የሚሠራባቸውን ፋይሎች)፣ እንደ አማራጩም ቮሊዩም (የኮንቴይነሩን ዳታ ማስቀመጫ) ሊያጠፋ የሚችል ትእዛዝ ውስጡ ምን እንዳለ ላልተጠየቀ ሰው መስጠት ነውር እንደሆነ ተናገሩ። በዚህ ሙሉ በሙሉ ከእሳቸው ጋር ነኝ። የእሳቸው ምክር የተረጋጋ ነው፦ መጀመሪያ በዶከር ኔትወርክ ኤልኤስ ዝርዝሩን ማየት፤ ከዚያ ያለቀው ትምህርት ፎልደር ውስጥ እየገቡ ዶከር ኮምፖዝ ዳውን ማለት፤ ይህ ኮንቴይነሩንና ኔትወርኩን ያነሳል፣ ስም ያላቸውን ቮሊዩሞች ግን በተለየ ካልታዘዘ አይነካም። ለዘለቄታው ደግሞ ኢቲሲ፣ ዶከር ውስጥ ባለው የዴሞን ጄሰን ፋይል ላይ ዲፎልት አድሬስ ፑልስ በሚለው ስር ከቤት ኔትወርክ የራቀ ክልል መስጠት ነው፤ ለምሳሌ 10.200.0.0/16ን በ/24 እየከፈሉ። ፋይሉን ለውጦ ዶከርን ማስነሳት ብቻ ግን አይበቃም፤ ቀድሞ የተፈጠሩት ኔትወርኮች የያዙትን አድራሻ አይለቁም፣ ፈርሰው መሠራት አለባቸው።

ምላሽ 19 — ጠያቂው ሠራለት። ፒንጉ መለሰ፣ ጄሊፊኑ በብራውዘር ተከፈተ። በስሙ ግን አሁንም አይገባም፤ ይህ ምላሽ 10 የተነበየው ነው። ሁለት የተለያየ ችግር አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ስለነበር አንዱን የፈታ ሰው ምንም ያልተፈታ ሊመስለው ይችል ነበር።

ምላሽ 20 — የ12 ቁጥሩ ተመለሰና ከመጀመሪያው የተናገረውን ሰምተው ቢሆን ይህ ሁሉ እንደማይመጣ ደስ በማይል አነጋገር አስታወቀ። እዚህ ላይ ፍርዴን ልስጥ። ያለው መፍትሔ በእርግጥ ይሠራ ነበር። ሁለተኛው ራውተር አክሰስ ፖይንት ቢሆን ላፕቶፑ ራሱ 192.168.1 ውስጥ ይገባል፤ ያኔ በሰንጠረዡ ላይ 192.168.1.0/24 ይጻፋል፣ ከርነሉ ደግሞ ከሰፊው /20 ይልቅ ጠባቡን /24 ነው የሚመርጠው። ኤምዲኤንኤሱም ይሠራል። የሰጠው ምክንያት ግን ትክክል አልነበረም፤ የስልኩን ነገር ሊያስረዳ አይችልም። የ13 ቁጥሯም ይህንኑ፣ ከእኔ ባጠረና በከረረ ቃል፣ ነግራዋለች።

ምላሽ 21 — አስተባባሪው ሁለቱም እንዲረጋጉ ጠየቀ። ተረጋጉ።

ምላሽ 22 — ጋሼ አክሰስ ፖይንት ማድረጊያውን በዝርዝር ጻፉ። ብዙ ራውተሮች ለዚሁ የተዘጋጀ ምርጫ አላቸው። ከሌለ፣ የሁለተኛው ራውተር የራሱ አድራሻ ከሞደሙ ጋር በማይጋጭ ቁጥር ይተካል፣ ለምሳሌ 192.168.1.2፤ ዲኤችሲፒው ይዘጋል፤ ኬብሉ ዋን (የውጪ መስመር) ከሚለው ቀዳዳ ተነቅሎ ላን (የቤት ኔትወርክ) ከሚሉት በአንዱ ይሰካል። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ ይላሉ፤ ኬብሉ መጀመሪያ ከተዛወረ ቤቱ ውስጥ ሁለት አድራሻ አዳይ ይኖራል። ጠያቂው ያንኑ ማታ አድርጎት፣ በነጥብ ሎካል ስሙ መግባቱን በአንዲት መስመር አሳወቀ። ርዕሱ ላይ ተፈትቷል የሚለው የተጨመረው ያኔ ነው።

ምላሽ 23 — ከቨርጂኒያ አንዲት እህት እናቷ ቤት አዲስ አበባ ያለውን ሰርቨር ከአሜሪካ ሆና መክፈት እንደምትፈልግ ጻፈች፤ የአባቷ ፎቶዎች ያሉት እዚያ ነው። የመለሱላት ሁለት ሰዎች ናቸው (24 እና 25)። አንዱ የሞደሙ የውጪ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ መሆን አለመሆኑን እንድታረጋግጥ ነገራት፤ ከሆነ አገልግሎት ሰጪው አንድ የውጪ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ እያካፈለ ነው፣ ሞደሙ ላይ ፖርት መክፈት ምንም አይፈይድም። ሌላው የሳምባን ፖርት 445 በምንም ምክንያት ለኢንተርኔት እንዳትከፍት ለመናት፤ እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ጎጂ ፕሮግራም) የተሰራጨው በዚያ በር ነው። ሁለቱም የተስማሙበት በዋየርጋርድ ላይ የተሠራ፣ እንደ ቴይልስኬል ያለ መንገድ ነው፤ ሁለቱም ጫፎች ወደ ውጪ ስለሚደውሉ የውጪ አድራሻ አያስፈልገውም። ዝርዝሩን በአዲስ ክር እንድታነሳው ጠይቀዋታል፤ እኔም እጠብቀዋለሁ፣ ብዙ ቤተሰብ የሚፈልገው ነገር ነውና።

ምላሽ 26 — አዲስ የገባ ተማሪ ያው ችግር አለብኝ ብሎ መጣ፤ የዶከሩን መፍትሔ ሁሉ ሞክሮ አልሆነለትም። ፒንጉ ይመልሳል፣ ራሱ የሠራው ዌብሳይት ግን ከሌላ ማሽን ሲከፈት ኮኔክሽን ሪፊውዝድ ይላል።

ምላሽ 27 — ጋሼ ወደ ምላሽ 5 መለሱትና ሰርቨሩ ላይ ኤስኤስን (የትኛው ፕሮግራም የት እንደሚያዳምጥ የሚያሳይ ትእዛዝ) ከቲኤልኤንፒ አማራጮች ጋር እንዲያስኬድ ነገሩት። ፕሮግራሙ 127.0.0.1 ላይ ብቻ ነበር የሚያዳምጠው፤ ከራሱ ማሽን በቀር ለማንም አይመልስም። ወደ 0.0.0.0 (ወደ ሁሉም የማሽኑ አድራሻዎች) ሲለውጠው ተከፈተለት፤ ያን ጊዜ ለቤቱ ኔትወርክ ብቻ በዩኤፍደብሊው እንዲፈቅድለት፣ ፋየርዎሉን ግን እንዳያጠፋው አክለው ነግረውታል።